የጀልባዋ ውታፍ የማን ነው?

ትንሽ የሞተር ጀልባ ወደ ደረቅ መሬት ስትወጣ ከኋላዋ፣ ሞተሩ ከሚታሰርበት ግድግዳ ግርጌ፣ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትታያለች። ቀዳዳዋ ታስቦባት የተበሳች ናት። ጀልባዋ መሬት ላይ ስትቆም ውስጧ የተጠራቀመው ውኃ በዚች ቀዳዳ ይፈስሳል፤ ወደ ውኃ ስትገባ ደግሞ ቀዳዳዋ በውታፍ ትደፈናለች። ውታፉ ከነሐስ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከላስቲክ የተሠራ፣ መዳፍ ውስጥ የሚጠፋ ዕቃ ነው፤ ከጀልባዋ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹም እሱ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ ጀልባዋ ባለችበት ቆማ እርዳታ ትጠብቃለች። መቅዘፊያው ቢሰበር ሌላ እንጨት ይፈለጋል። ውታፉ የተረሳ እንደሆነ ግን ጀልባዋ ከነሰዎቿ ወደ ታች ነው የምትሄደው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «ጥሩ ውታፍ ይገዛ» ይላል። በእኔ እምነት ችግሩ የዕቃ አይደለም፤ ባለቤት ማጣት ነው። ውታፉን የመክፈትና የመዝጋት ኃላፊነት በስም የተሰጠው አንድ ሰው ከሌለ፣ የፈለገው ዓይነት ውታፍ ቢገጠም ጀልባዋ ደህና አትሆንም።

የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አንባቢ «ሐይቅ ለሌለን ለእኛ ይህ ምናችን ነው?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ሁለቱም የእህልና የመኪና መንገድ ከተሞች ናቸው፤ በቆሎና በርበሬ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚመላለስ ጭነት ነው የሚያውቁት። አካባቢው ግን ከውኃ የራቀ አይደለም። በደቡብ ወንበርማንና ቡሬን ከወለጋ የሚለያቸው ዓባይ ነው። ቡሬን ከነቀምት የሚያገናኘው መንገድ በድልድይ ይሻገረዋል፤ ድልድዩ ለሚርቃቸው ቀበሌዎች ግን ወንዙ ዛሬም በቀዘፋ ወይም በዋና የሚሻገሩት ነው። በሰሜን በኩል መራዊ አጠገብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዘው የቆጋ ግድብ አለ፤ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ተሠርቶ ዓሣም የሚጠመድበት ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ጣና ነው፤ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ለመሳለም የሚሄደው የምዕራብ ጎጃም ምእመን መጨረሻ ላይ ጀልባ መሳፈሩ አይቀርም። በዓባይ ቁልቁል ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብ ንጋት ሐይቅን አስገኝቷል። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ዓሣ የሚያጠምድበትና ሰው የሚያሻግርበት ጀልባ ገና ብዙ ይፈልጋል። የጀልባ ዕውቀት የባሕር ዳር ሰው ብቻ ጉዳይ መሆኑ አብቅቷል።

የጣና ሰው ለዘመናት ውታፍ አላስፈለገውም፤ ምክንያቱን ማወቅ ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ይጠቅማል። ታንኳ በነዶ በነዶ ከታሰረ ደንገል ይሠራል፤ በሥራው የታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ታንኳን የሚያንሳፍፈው ደንገሉ ራሱ ነው፤ አየር ያዘለ ስለሆነ ከውኃ ይቀላል። ውኃው በነዶዎቹ መካከል ይገባል፣ ይወጣል፤ የተሳፋሪው እግር ይርሳል እንጂ ታንኳው አይሰምጥም። ድክመቱ ሌላ ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ዳር ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። እንዲህ ተደርጎለትም ዕድሜው ከወራት ብዙ አያልፍም። እንግዲህ ጀልባን ከውኃ ማውጣትና ማድረቅ በአገራችን አዲስ ልማድ አይደለም። አዲሱ ነገር ቀዳዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በኔዘርላንድስ የቤተ ክርስቲያን ድርጅት እርዳታ በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ጣና ላይ ሥራ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ከላሜራና ከፋይበር ግላስ የተሠሩ ጀልባዎች እየበዙ ሄዱ። ላሜራ ከውኃ ስምንት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ፋይበር ግላስም ከውኃ የከበደ ነው። እነዚህ ጀልባዎች የሚንሳፈፉት ሆዳቸው ውስጥ አየር ስላለ ብቻ ነው፤ የአየሩን ቦታ ውኃ ከያዘው፣ የታሸገ የአየር ክፍል ወይም ፎም ካልተሠራላቸው በስተቀር ወደ ታች ይወርዳሉ። ታንኳ ለቸልተኛ ባለቤቱ ጊዜ ይሰጠው ነበር። የላሜራ ጀልባ ጊዜ አይሰጥም።

ምን ያህል ጊዜ እንደማይሰጥ በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ቀዳዳዋ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት አላት እንበል፤ ጀልባዋ ተጭና ቀዳዳዋ ከውኃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላለች። በዚህ ጥልቀት ውኃው በደቂቃ ከ40 ሊትር በላይ ይገባል፤ በየደቂቃው ሁለት ጀሪካን ማለት ነው። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ውኃ ተሳፍሯል፤ ክብደቱ የስድስት ሰው ያህል ነው። ከባሕር ዳር ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል መንገድ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ አሥር ደቂቃ ሲሞላ ጀልባዋ የት እንደምትሆን ያውቃል፤ ከዳር ርቃለች፣ ጥልቁ ጋ ደርሳለች። ቀዳዳዋ በግማሽ ብትጠብ የሚገባው ውኃ በአራት እጥፍ ይቀንሳል፤ እንዲያም ሆኖ በሰዓት ከ600 ሊትር በላይ ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው የአገባቡ ጸጥታ ነው። ውኃው ከኋላ፣ ከወለሉ ጣውላ በታች፣ የነዳጅ ጋኑና ጓዙ ከተቀመጡበት ሥር ነው የሚገባው። የሞተሩ ድምፅ የውኃውን ድምፅ ይሸፍነዋል። ተሳፋሪው እግሩ ሲርስ የዳር ውኃ የተረጨ ይመስለዋል። ነጂው የሚነቃው ጀልባዋ ከኋላዋ ስትጎተትና ለመሪ መታዘዝ ስትዘገይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ግማሹ ጉዳት ደርሷል።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው፦ «ታዲያ ለምን ይበሳል? በብየዳ ደፍኖ መገላገል አይሻልም?» ዓመቱን ሙሉ ከውኃ ለማትወጣ ጀልባ መልሱ «ይሻላል» ነው። ሁልጊዜ ተንሳፍፋ የምትኖር ጀልባ ከውኃ መስመር በታች ቀዳዳ አያስፈልጋትም፤ የገባባትን በባልዲ ወይም በፓምፕ ማውጣት ነው። በእኛ አካባቢ ግን ትንንሽ ጀልባዎች ዳር ላይ ተጎትተው ያድራሉ፤ ዓባይ በሐምሌና በነሐሴ ሲሞላማ ለወራት ከውኃ ርቀው ይቆማሉ። ያ ደግሞ የዝናቡ ወቅት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 5 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት ያላት ጀልባ የ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሌሊት ቢወርድባት 375 ሊትር ታጠራቅማለች። ያን ያህል የተሸከመች ጀልባ ሰው ጎትቶ አያንቀሳቅሳትም፤ ድጋፏ ካልጠነከረም ወለሏ ይጎብጣል። የላሜራ ጀልባ ከሆነች ውኃው ባቆረበት መስመር ከውስጥ ትዝጋለች፤ ከውስጥ የጀመረ ዝገት ደግሞ ቀለሙ ከውጭ ሳይነካ ላሜራውን በልቶ ይጨርሳል። ፋይበር ግላስ ከሆነች ከወለሉ በታች ያለው ክፍተትና ፎም ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ባለቤቷም «ሞተሩ ደከመ» እያለ የሞተር ሐኪም ሲፈልግ ይኖራል። ያው 375 ሊትር ጀልባዋ ውስጥ እንዳለ ወደ ሐይቅ ቢገባ ደግሞ የባሰ አደጋ ነው። ሰው ወደ አንድ ጎን ዘንበል ሲል ውኃውም አብሮ ወደዚያው ጎን ይሮጣል። ጀልባዋ ቀና እንድትል ሲጠበቅ የበለጠ ትደፋለች። ስለዚህ ቀዳዳዋን መድፈን አንዱን አደጋ በሌላ መለወጥ ነው።

ይህ ችግር የእኛና የትንሽ ጀልባ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ታይታኒክ በሚያዝያ 1904 ዓ.ም. ሲሰምጥ ከሕይወት አድን ጀልባዎቹ መጀመሪያ የወረደችው 7 ቁጥር ነበረች። ጀልባዎቹ መርከቡ ላይ ተሰቅለው ሲኖሩ የዝናቡ ውኃ እንዲወርድ ቀዳዳቸው ክፍት ነበር። 7 ቁጥር ውኃው ላይ ስታርፍ ውታፏ በወጉ አልያዘም፤ ውኃም ይገባ ጀመር። ከተረፉት አንዷ፣ ተዋናይዋ ዶሮቲ ጊብሰን፣ ተሳፋሪዎቹ ልብሳቸውን እያወለቁ ቀዳዳውን እንደወተፉ በኋላ ተናግራለች። በዘመኑ ትልቁ መርከብ ነበር፤ የሠለጠኑ መርከበኞች ነበሩት፤ ጀልባዋም 65 ሰው እንድትይዝ የተሠራች ነበረች። ዕቃው አልጎደለም። የጎደለው ጀልባዋ ከመውረዷ በፊት «ውታፉን እኔ ዘግቻለሁ» የሚል አንድ ሰው ነው።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ውታፉ የሚጠይቀው ሁለት የሚቃረኑ ትእዛዞችን ነው፤ መሬት ላይ ይከፈታል፣ ውኃ ላይ ይዘጋል። ሁልጊዜ የሚዘጋ ወይም ሁልጊዜ የሚከፈት ነገር ቢሆን ማንም አይስተውም። በየቀኑ የሚገለባበጥ ነገር ግን የሰው ትኩረት ይፈልጋል፤ ትኩረት ደግሞ የብዙ ሰው ሲሆን የማንም አይሆንም። በማኅበር የተያዘች ጀልባን እንውሰድ። ማታ አንዱ ጎትቶ ያወጣታል፣ ውታፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል። ጠዋት ሌላው ቀድሞ ይደርሳል፤ ጓደኛው የዘጋው ይመስለዋል። ሦስተኛው መረቡን ይጭናል፣ አራተኛው ሞተሩን ያስነሣል። ሁሉም ሥራውን ሠርቷል፤ ውታፉ ግን ገና ቤት ካለው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ጥፋተኛ ፈልጎ መውቀስ አይጠቅምም፤ አሠራሩ ራሱ ስህተቱን ጋብዞታል። መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ውታፉ ከጀልባዋ እንዳይለይ በጠንካራ ገመድ ወይም በሰንሰለት ቀዳዳው አጠገብ ይታሰር። የማይታሰር ዓይነት ከሆነ ማታ ከሞተሩ የነዳጅ ቱቦ ወይም ከማስነሻ ቁልፉ ጋር ይንጠልጠል፤ ሞተር ለማስነሣት የሚነሣ እጅ ውታፉን መንካቱ ስለማይቀር መርሳት ይከብዳል። ሁለተኛውና ዋናው፣ ለእያንዳንዱ ቀን የአንድ ሰው ስም ይያዝ። ጀልባዋ መሬት ላይ ስትወጣ የሚከፍተው፣ ውኃ ከመንካቷ በፊት የሚዘጋው ያው ሰው ነው፤ ሲዘጋም ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ነጂው በእጁ ዳብሶ ያረጋግጣል። ሌላው ሁሉ፣ ነጂውም ቢሆን፣ ውታፉን ለብቻው አይነካም።

ባለቤት ሲኖር ጥገናውም ባለቤት ያገኛል። በአካባቢያችን የሚሻለው የነሐስ ውታፍ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እየዞረ የሚገባበት ጥርሱ ይበረክታል፣ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫም ልኩን ማግኘት ይቻላል። የብረት ውታፍ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከተገጠመበት ጋር በዝገት ተጣብቆ አልፈታ ይላል፤ በመዶሻና በጉልበት ሲፈታ ደግሞ የጀልባዋን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ነሐስም ቢሆን እንከን አያጣውም። ከላሜራ ወይም ከአሉሚኒየም ጋር ውኃ ውስጥ ሲነካካ ነሐሱ ሳይሆን የጀልባዋ ብረት ቀስ በቀስ ይበላል። የጣናና የዓባይ ውኃ ጨው ስለሌለው ይህ ከባሕር ይልቅ ይዘገያል እንጂ አይቀርም፤ ስለዚህ በየወቅቱ መመርመር ያለበት ውታፉ ብቻ ሳይሆን የሚገባበት ጥርስና በዙሪያው ያለው ብየዳም ነው። የፕላስቲክ ውታፍ አይዝግም፤ ፀሐይ ግን ያደርቀዋል፣ በፒንሳ ከመጠን በላይ ከጠበቀም ሳይታይ ይሰነጠቃል። እጀታው ሲታጠፍ የሚነፋው የላስቲክ ውታፍ ለመክፈትና ለመዝጋት የሚቀለው እሱ ነው፤ ለጠላቱም የሚጋለጠው እሱ ነው። ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ ፀሐዩ ላስቲክን ቶሎ ያሰነጥቃል። ቤንዚንና ዘይት ደግሞ ያሳብጡታል፣ ያለሰልሱታል፤ ከጋኑ የሚንጠባጠበው ነዳጅ ተንሸራቶ የሚያርፈው ደግሞ ልክ ውታፉ ያለበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ይህን ውታፍ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ተነፍቶ እንዳያድር እጀታውን መልቀቅ፣ ጣት ሲጫነው ስንጥቅ ካሳየም ሳይውሉ ሳያድሩ መለወጥ ይገባል። ግራሶ ለነሐሱ ጥርስ በስሱ ይቀባል፤ ላስቲክ ላይ ግን አይደረግም።

ጭቃው ራሱን የቻለ ነገር ነው። ዓባይ ከጎጃም ደጋ የሚያወርደው አፈር ጥርሱ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። የሚዘጋው ሰው ውታፉን ያዞራል፣ ይጠብቅበታል፣ «ገባ» ብሎ ይተወዋል፤ የጠበቀው ግን አሸዋው እንጂ ውታፉ አይደለም፤ ሁለት ዙር ይቀረዋል። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አሸዋው ይወርዳል፣ ውታፉም ይላላል። ለዚህ መድኃኒቱ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው፤ ሁልጊዜ ከመዝጋት በፊት የውታፉንም የቀዳዳውንም ጥርስ መጥረግ። ከዚያ በባዶ እጅ እስከ መጨረሻው ማዞርና ዙሩን መቁጠር ነው። ባዶና ንጹሕ ሆኖ አምስት ዙር የሚገባ ውታፍ ዛሬ በሦስት ዙር ከቆመ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ቴፍሎን መጠቅለል ይረዳል፤ ጥርሱ የተበላን ውታፍ ግን አያድነውም። የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም መካኒክ ይህን ለማስረዳት ከባድ አይሆንበትም፤ የአይሱዙ ዘይት ሲቀይር ከሞተሩ ሥር የሚፈታውን ውታፍ ያውቀዋል። ያንን አጽድቶ፣ ሮንዴላውን አይቶ፣ በልኩ ካላጠበቀው መኪናው ፍኖተ ሰላምን ሳያልፍ ዘይቱ እንደሚፈስስ ያውቃል። ልዩነቱ መኪና ዳር ይዞ መቆሙ ነው።

ጥገናው መያዙን የሚያረጋግጥ ቀላል ፈተና አለ፤ በየወሩ ቢደረግ ጥሩ ነው። ጀልባዋን መሬት ላይ ከኋላዋ ዝቅ አድርጎ ውታፉን መዝጋት፣ ሦስት ጀሪካን ውኃ ውስጧ ማፍሰስ፣ ውጪውን በጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ነው። ከውታፉ ዙሪያ እርጥበት ከታየ ጥርሱን ወይም ላስቲኩን፣ ከጠርዙ ወይም ከብየዳው ከታየ ደግሞ የተገጠመበትን ቦታ መጠርጠር ይገባል። ሐይቅ ላይ ውኃው የሚገፋው ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሆነ ፈተናው ሁሉንም ነገር አያሳይም፤ ስለዚህ ጀልባዋ ውኃ ውስጥ ገብታ ሰው ከመሳፈሩ በፊት የወለሉን ጣውላ አንሥቶ ለጥቂት ደቂቃ ማየት አይቀርም። ጣውላው በምስማር ከተመታ ይህን ማድረግ አይቻልም። የሚነሣ ወለል የሌላት ጀልባ ውታፏ ደህና ይሁን አይሁን የሚታወቀው ሲመሽባት ነው።

«ፓምፕ አለን» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰጣል። ትንንሾቹ የባትሪ ፓምፖች በሰዓት 1,900 ሊትር ገደማ ያወጣሉ ተብሎ ይጻፍባቸዋል፤ በደቂቃ ሲሰላ 32 ሊትር ያህል ነው። ይህም ባትሪው ሙሉ፣ ቱቦው ንጹሕና ውኃው ወደ ላይ ብዙ የማይገፋ ሲሆን ነው። በተከፈተው ቀዳዳ የሚገባው ከ40 ሊትር በላይ መሆኑን አይተናል። ፓምፑ ጊዜ ይገዛል፣ ለዚህም ቢኖር መልካም ነው፤ ውታፍን ግን አይተካም። የሚያወጣው ሰው ከሆነ ደግሞ በአሥር ሊትር ባልዲ በየደቂቃው ከአራት ጊዜ በላይ መጨለፍና መድፋት አለበት፤ ጉልበተኛም ቢሆን ብዙ አይዘልቅም። አንዳንድ ነጂ ደግሞ ሌላ ብልሃት ያውቃል፤ ጀልባዋ በፍጥነት ስትሄድ ውታፉን ከፍቶ ውኃው በራሱ ተስቦ እንዲወጣ ማድረግ። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ጀልባዋ በውኃው ላይ ተነሥታ ስትበር በኋላዋ ያለው ውኃ ይሸሻል፣ ውስጥ ያለውም ይሳባል። ነገር ግን ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ቢጠፋ፣ ነዳጅ ቢያልቅ ወይም እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም ቢጠመጠምበት ውኃው ተመልሶ ይገባል፤ ነጂውም ውታፉን በአንድ እጁ፣ ሞተሩን በሌላው ይዞ ይቀራል። ሰው ባሳፈረ ጀልባ ላይ ይህ መደረግ የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ ሰው የሚሞተው ከልክ በላይ በመጫን፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ባለመልበስና ማዕበል ባለማክበር ነው፤ ስለ ትንሽ ውታፍ ይህን ያህል ማውራት ከትልቁ ጉዳይ መሸሽ አይሆንም? ጃኬቱ ይቅደም ከተባለ አልከራከርም፤ እኔም የማስቀድመው እሱን ነው። ነገር ግን ጭነቱና ውታፉ የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። ከልክ በላይ የተጫነች ጀልባ ይበልጥ ትጠልቃለች፤ ቀዳዳዋ ከ30 ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ የሚገባው ውኃ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይጨምራል። ጠርዟም ለውኃው ስለሚቀርብ ልትቋቋመው የምትችለው ውኃ ያንሳል። ለባዶ ጀልባ የሚያስደነግጥ ብቻ የነበረው ፍሳሽ የተጫነችውን ያሰምጣል። ከዚህ ሌላ ጃኬት ለመግዛት ገንዘብ፣ ጭነት ለመቀነስ ደግሞ ገቢ መተው ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ለደሃ ማኅበር ከባድ ነው። ለውታፍ የሚያስፈልገው አንድ ሰው፣ አንድ ገመድና ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህን ሳያደርጉ ስለ ድህነት ማንሣት አይቻልም። «በጨርቅ ጠቅጥቀን ስንት ዓመት ተሻግረናል» ለሚለውም ያው መልስ ነው። ጨርቅ ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፣ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ይገፋዋል። ለክፉ ቀን የሚሆነው በአንድ ጫፉ ሾጠጥ ተደርጎ የተጠረበ ለስላሳ እንጨት ነው፤ ውኃ ሲነካው ያብጥና ይጠብቃል። ቀዳዳው አጠገብ ታስሮ ይቀመጥ፤ ዳር ሲደርሱ ግን ወዲያው በእውነተኛው ውታፍ ይለወጥ።

ውታፉን መሬት ላይ የመክፈት ግዴታ ሌላም ምክንያት አለው፤ ይህኛው ከጀልባዋ አልፎ ሐይቁን ይነካል። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ዘሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ለ15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይሞት ይቆያል፤ ከተክሉ የተቆረጠች ቁራጭም ብቻዋን ትራባለች። ጣና ላይ የዋለች ጀልባ ሆዷ ውስጥ ባቆረ ውኃና ጭቃ ይህን ሁሉ ተሸክማ በመኪና ወደ ቆጋ ወይም ወደ ሌላ ግድብ ልትሄድ ትችላለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በአሜሪካው ሚኒሶታ ግዛት ጀልባን ውታፏ ሳይነቀል በመኪና ጭኖ መንገድ መውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱ መጤ ተክልና እንስሳ ከሐይቅ ሐይቅ እንዳይጓዝ ነው። በዚያች ግዛት ከ10,000 በላይ ሐይቅ አለ። የእኛ ውኃዎች የሚቆጠሩት በጣት ነው፤ አንዷን መበከል የሚያስከፍለንም በዚያው ልክ ነው። ጀልባ ከውኃ ወጥታ ከመጫኗ በፊት ውታፏ ይነቀል፣ እዚያው ዳር ላይ ትፍሰስ፣ ትታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ትድረቅ። የታንኳ ባለቤቶች ከዚህ አብዛኛውን ማንም ሳያስተምራቸው ያደርጉታል።

ይህን ለማስፈጸም አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። የዓሣ ማኅበራትን የሚያደራጁት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጀልባ ሲያስረክቡ ሞተሩን ቆጥረው እንደሚያስፈርሙ ሁሉ ውታፉንና ሁለት መለዋወጫውን ቆጥረው ያስፈርሙ፤ የኃላፊውም ስም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ላሜራ የሚበይዱ ወጣቶችን የሚያሠለጥኑ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ጀልባ ሲሠሩ ቀዳዳውን እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ያድርጉት፤ ወለሉም የሚነሣ ይሁን። የጀልባ ማኅበራት ሰው ከማሳፈራቸው በፊት ወለሉን አንሥቶ ማየትን ከትኬት መቁረጥ እኩል ግዴታ ያድርጉት። እስከዚያው ተሳፋሪው በራሱ የሚችለው ነገር አለ። ወደ ዘጌ ለመሳለምም ይሁን ዓባይን ለመሻገር ጀልባ ስትሳፈሩ «ውታፉን ዛሬ የዘጋው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ነጂው የሰው ስም ከጠራላችሁ ተሳፈሩ። «ተዘግቷል፣ ተዘግቷል» ብቻ ካላችሁ በዓይናችሁ እስክታዩ ድረስ ዳር ላይ ቆዩ።